አንድ ኪሎ ተኩል ሌንስ ይዞ ሽርሽር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ፤ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ፎቶ ቤትዎ ድረስ።

የፍሎሪዳ ፀሐይ ያተረፈልንን ቆዳ ይዘን ወደ ቤታችን ተመልሰናል። ባለፈው «ለመሆኑ በየትኛው ሌንስ ነው ያነሣኸው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቆረጠ። በስልክ የተነገረ ነገር እንደማይቆጠር ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግሩኝ ስላደግሁ፣ ይኸው በወረቀት ጽፌ በሰው እጅ ልኬዋለሁ። ረዘም ስለሚል ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ያንብቡት።

የሄድንበት ቦታ ዋልት ዲስኒ ወርልድ ይባላል፤ ኦርላንዶ አጠገብ ነው። «መናፈሻ» ብዬ ለእናቴ ስነግራት ዛፍና አግዳሚ ወንበር መስሏት፣ «ለዚህ ነው እንዴ ያን ያህል ገንዘብ?» አለችኝ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ የየራሳቸው በር ያላቸው አራት ትልልቅ የመዝናኛ መንደሮች አሉ። ያሰበው ሰውዬ፣ ዋልት ዲስኒ፣ ሳያየው በ1966 ሞተ፤ ወንድሙ ሮይ አስጨርሶ በ1971 ከፈተው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎ)። ከቤታችን እስከዚያ በመኪና 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ ለእኛ ግን መሄጃው ብቻ ነው።

ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነፃ ይገባል። የእኛ ትንሹ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ስለነበር የጉዞው ቀን የተቆረጠው በእሱ ልደት ነው። አብሮን የተጓዘው ጓደኛዬ ግን ልጁ አራት ስለሞላው፣ «በእኛ አቆጣጠር ገና አልተወለደም ልበላቸው ይሆን?» እያለ ሲያሰላ አመሸ።

ወደ ሌንሱ ልግባ። እዚህ አበሻ ካፌ ውስጥ ካሜራ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሸንጎ መጥራት ነው። «ለሽርሽሩ የቱን ልያዝ?» ብዬ አንድ ሰው ብጠይቅ፣ የአራት ጠረጴዛ ሰው መለሰልኝ። ታክሲ የሚነዳው «ስልክህ ይበቃል፤ ሌላው ጉራ ነው» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ዋይድ ነው እንጂ! 10 ሚሊ ሜትር ያዝ፤ ሕንፃውንም ልጆችህንም ሰማዩንም ጠቅልሎ ያስገባልሃል» አለ። ዋይድ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያገኘውን ልጅ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ስቦ እንደሚያረዝመው ግን ሳይነግረኝ ወደ ቡናው ተመለሰ።

ጓደኛዬ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ የሚያነሣ ሰው ነው። እሱ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ፈረደ፤ «70–200!»። ያ ሌንስ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ሠርግ ላይ ከአዳራሹ ማዶ ሆኖ የሙሽራዋን እናት እንባ የሚያመጣ ጉደኛ ዕቃ ነው። «ግንቡ ሩቅ፣ አንበሳው ሩቅ፣ ሰልፈኛው ሩቅ፤ ሩቁን የሚያቀርብ ካልያዝክ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ?» ሲል ካፌው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ባለቤቴ ከስኒዋ ቀና ሳትል፣ «ሕፃኑን ማን ነው የሚሸከመው?» አለች። ሸንጎው ለመልስ ቀጠሮ ሰጥቶ ተበተነ።

ጥያቄዋ የሌንስ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ። በእንዲህ ያለ ቦታ አባት ሁለት እጅ የለውም። በአንዱ ጋሪ ይገፋል፣ ወይም ልጅ ይይዛል፣ ወይም ሌላው ልጅ ልሶ የተወውን አይስክሬም ይጠብቃል። ለፎቶ የሚተርፈው አንድ እጅ ነው። ሌንስ የሚመረጠው እንግዲህ ለዚያ ለተረፈው እጅ ነው፤ ለግንቡም ለአንበሳውም አይደለም።

ቁጥር ስለሚወዱ ቁጥሩን ልንገርዎ። የእኔ ኒኮን ሴንሰሩ ከእርስዎ ፊልም ስለሚያንስ የሌንሱ ቁጥር በአንድ ተኩል ይባዛል። ስለዚህ 35 ሚሊ ሜትር የተባለችው ሌንስ በተግባር የምታየው በ52 ገደማ ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምረው ግማሽ ጎንደርን ያነሡበት የዜኒትዎ 58 የቅርብ ዘመድ ናት ማለት ነው። ክብደቷ 200 ግራም፤ ዲያፍራሟ እስከ 1.8 ይከፈታል። ሁለተኛዋ 18–140 የምትባል ዙም ናት፤ ግማሽ ኪሎ አትሞላም፣ ሕንፃም ፊትም ትይዛለች። ዳሩ ግን ስትረዝም ዲያፍራሟ ከ5.6 በላይ አልከፈትም ይላል። በ1.8 ከሚገባው ብርሃን በ5.6 የሚገባው አንድ አሥረኛው ያህል ነው። ይቺን ይያዙልኝ፤ ጨለማ ውስጥ ስንገባ ትፈለጋለች። እኔ ሁለቱን ይዤ ሄድኩ፤ ጓደኛዬ የሠርጉን ጌታ ይዞ መጣ።

የካሜራ ቦርሳዬ ለሦስተኛ ሌንስ የተሠራ ክፍል አለው። ባለቤቴ ባዶ መሆኑን አይታ ዳቦ ቆሎ ሞላችው። የብርጭቆ ዕቃና አልኮል እንጂ ምግብ ይዞ መግባት አይከለከልም፤ ውስጥ ያለውን የምግብ ዋጋ ያየ አበሻ ደግሞ ስንቁን አይረሳም። በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ፈታሿ ሌንሶቹን ገልበጥ አድርጋ አለፈቻቸው፤ ዳቦ ቆሎው ላይ ስትደርስ ቆመች። አንዷን አንሥታ ወደ ብርሃን አድርጋ አየቻት፤ «ምንድን ነው?» አለች። «ይበላል» ብላ ባለቤቴ አንድ ጭብጥ ስትዘረጋላት፣ ሴትየዋ ሥራ ላይ ስለሆነች እየሳቀች እምቢ አለች። ይኸው እስከ ዛሬ የዙሟ ቀለበት ስትዞር ቀጭ ቀጭ ትላለች። ፍርፋሪው ገብቶ ነው።

ግንቡን ደግሞ ልንገርዎ። የሲንደሬላ ግንብ ይባላል፤ ቁመቱ 57 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አፄ ፋሲል በድንጋይና በኖራ ያስገነቡትን እያየ ያደገ የጎንደር ልጅ እዚህ ሲቆም ግድግዳውን መዳበስ ያምረዋል። ዳበስኩት፤ ታች ኮንክሪት ነው፣ ላይ ላዩ ደግሞ ፋይበርግላስ ነው ይላሉ፤ እውነተኛ ጡብ የለበትም። የእርስዎን ዓይን የሚገርመው ግን ተንኮሉ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መስኮቱም ድንጋይ መሳዩም እያነሰ እንዲሄድ አድርገው ስለሠሩት፣ ታች የቆመ ሰው ከቁመቱ በላይ አርዝሞ ያየዋል። ወደ ግንቡ የሚወስደው ጎዳና ላይ ያሉት ሱቆችም ፎቃቸው ወደ ላይ ሲሄድ በልክ እያነሰ ነው የሚሄደው። ሰዎቹ መስታወት ሳያስፈልጋቸው መንገዱን ሌንስ አድርገውታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የደከሙበትን ሥራ ሰው ግንቡ ሥር ተጠግቶ በዋይድ አንጋጦ ሲያነሣ ያፈርሰዋል። ግንቡ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ልጆቹ ጫማና አገጭ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የሚሻለው ርቆ መንገዱ መሐል መቆም፣ ልጆቹን ቀረብ አድርጎ ማቆምና ዙሟን ወደ 60፣ ወደ 70 መሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ግንቡ ራሱ መጥቶ ከጀርባቸው ይቆማል። «ዙም የሰነፍ ነው፤ እግር የለህም ወይ? ጠጋ በል፣ ራቅ በል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ልክ ነዎት። እዚህ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብል የማላውቀው ቤተሰብ ጋሪ ውስጥ እቀመጣለሁ። በዚህ ነገር አልስማማም፣ ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጓደኛዬ ያንን ሌንስ አንገቱ ላይ እንደ በሬ ቃጭል አንጠልጥሎ ሚስቱንና ልጆቹን ግንቡ ፊት አቆማቸው። 70 ሚሊ ሜትር ደግሞ ለአምስት ሰው ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። «ትንሽ ልራቅ» አለ፤ ራቀ። «ትንሽ ልጨምር» አለ፤ ጨመረ። በመጨረሻ ጀርባው የአይስክሬም ቤት በር ውስጥ ሲገባ በመካከላቸው አንድ ክፍለ ሀገር ሕዝብ ነበር። ሚስቱ ፀሐይ ላይ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ከዚያ በኋላ ያለችውን እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ደብዳቤውን እናቴም ታነብበዋለች።

አሁን ወደ ጨለማው እንግባ። ሰው ስለ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያስብ ፀሐይና ፊኛ ነው የሚታየው፤ እውነቱን ግን የቀኑ ግማሽ የሚያልፈው ቤት ውስጥ፣ ብርሃን በሌለበት ነው። ወረፋው ጥላ ውስጥ ነው፣ ጀልባው ጨለማ ውስጥ ነው፣ መናፍስቱ ጨለማ ውስጥ ናቸው። «ሆንትድ ማንሽን» በሚባለው የመናፍስት ቤት ፍላሽ ክልክል ነው። ለምን ቢሉ፣ መናፍስቱ በትልቅ መስታወት ላይ የሚታዩ ነጸብራቆች ናቸው፤ ፍላሽ የበራ እንደሆነ መናፍስቱም የሰዉ ደስታም አብረው ይጠፋሉ። እንግዲህ ያለ ፍላሽ ሲሆን 5.6 ይዞ የገባ ሰው ጭጋግ አንሥቶ ይወጣል።

35ቷ እዚህ ነው ዋጋዋን ያስመሰከረችው። በ1964 ለኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራች አንዲት የጀልባ ጉዞ አለች፤ የዓለም ልጆች ናቸው የተባሉ አሻንጉሊቶች በግራ በቀኝ ቆመው አንድ ዘፈን ብቻ ይዘፍናሉ። እዚህ ያለችው የእሷ እህት ናት። ዘፈኑ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጀልባዋ ግን ቀስ ትላለች፤ የአሻንጉሊቶቹ መብራት ሮዝና ቢጫ ሆኖ የሴት ልጄ ጉንጭ ላይ ይመታል። ዲያፍራሙን 1.8 ከፍቼ፣ ሕፃኑን በግራ ክንዴ ይዤ፣ በቀኝ እጄ ብቻ አነሣኋት። አፏ በግማሽ ተከፍቶ ነው የወጣው። 70–200 ቢሆን ኖሮ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ለማንሣት ከጀልባው መውረድ ነበረብኝ፤ ያ ሌንስ ከአንድ ሜትር በታች ያለውን ነገር አጥርቶ አያይማ።

«ስፔስ ማውንቴን» የሚሉት ሮለር ኮስተር ውስጥ ግን ካሜራም ሌንስም አያስፈልግም፤ ከነጨለማው ይፈተለካል፣ የያዙትን ሁሉ ያስጥላል። ፎቶው ያለው በሩ ላይ ነው። ለመሳፈር ቁመት 112 ሳንቲ ሜትር መሙላት አለበት። ልጄ መለኪያው ሥር ስትቆም ትንፋሿን ይዛ፣ ተረከዟን ሳይታወቅ ከጫማዋ ውስጥ አንሥታ፣ ሹሩባዋን ወደ ላይ ጠቅልላ ነበር። ተቆጣጣሪው ሹሩባዋን በጣቱ ተጫን አደረገው። አለፈች። ከሽርሽሩ ሁሉ የምወደው ፎቶ ይሄ ነው፤ ግንብ የለበት፣ የዲስኒ አይጥ የለበት።

አየሩ ሌላ ፈተና ነው። ሐምሌ እዚህ በጋ ይባላል፤ የፍሎሪዳ ዝናብ ግን የጎንደርን ክረምት ያስንቃል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ አይቀርም። ጠዋት ደግሞ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ በማቀዝቀዣ ቆፈን ይዞዎት አድሮ በሩን ሲከፍቱ 33 ዲግሪ ሙቀት ከነእንፋሎቱ ይቀበልዎታል። ቀዝቃዛው ሌንስ ወዲያው ያልበዋል፣ ነጭ ይሆናል። ሰው ሁሉ በካናቴራው ይጠርገዋል፤ ይጠርጋል፣ ያልበዋል፣ እንደገና ይጠርጋል። ባለቤቴ ግን ካሜራውን ማታውኑ ዚፕ ባለው የምግብ ላስቲክ ውስጥ ከትታ ታሳድረዋለች፤ ጠዋት ከነላስቲኩ ይዘን ወጥተን ግማሽ ሰዓት ያህል እስኪሞቅ እንተወዋለን። ላቡ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። የካሜራ ትምህርት ተምራ አይደለም፤ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ሲያልበው አይታ ነው። ሌንስ ውጪ እየፈቱ መቀያየርም በዚሁ ምክንያት ይቅር፤ ጠዋት ዙሟን፣ ከመሸ 35ቷን፣ መቀያየሪያው ምሳ ላይ ነው።

አሁን ሳቅ የሚመጣበት ደረስኩ። ከአራቱ የመዝናኛ መንደሮች አንዱ፣ በ1998 የተከፈተው፣ የእንስሳት መንግሥት ነው። እዚያ ውስጥ «ሐራምቤ» የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አለ፤ በካርታ ላይ የለም፣ ፈጥረውት ነው። ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ የተለጠፈው ማስታወቂያ በፀሐይ ነጥቷል። ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ፣ በባለሙያ፣ በብዙ ገንዘብ የተሠራ ነው። የእኛ ሰፈር ግድግዳ በነፃ የሚሠራውን እነሱ መሐንዲስ ቀጥረውበታል። የእርስዎን ፎቶ ቤት የፊት ግንብ ቢያዩት ለናሙና ይወስዱት ነበር።

ከዚያ በተከፈተ መኪና ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የሳፋሪ ጉዞ አለ። ጓደኛዬ «ይኸውላችሁ፣ ቀኔ ደረሰ!» ብሎ የሌንሱን ክዳን ከፈተ። መኪናው ሆነ ብሎ ጉድጓድ እየመረጠ ነው የሚሄደው፤ ረጅም ሌንስ ደግሞ የእጅን ንቅናቄም አብሮ ያጎላል። ቀጭኔዋ መንገዱ ዳር፣ ከእኛ ጥቂት ሜትር ርቃ ቆመች። የጓደኛዬ ሌንስ የያዘው ከጆሮዋ እስከ ዓይኗ ያለውን ነው። የእኔ 18–140 ቀጭኔዋንም፣ ልጄንም፣ የልጄን ጣት የምታየውን ሴትዮም ይዛለች። ፍርድ እንዳላዛባ ግን አንበሳው ላይ እሱ አሸነፈ፤ አንበሳው ራቅ ባለ ቋጥኝ ላይ ተኝቶ ነበር፣ በእኔ ፎቶ ውስጥ ድንጋዩን ነው የሚያዩት። ለዚያ አንድ አንበሳ ብሎ አንድ ኪሎ ተኩል ለሳምንት መሸከም ግን የእሱ ጉዳይ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ልጅ ሆነህ እያየህ ነዋ ያደግኸው» አሉኝ። ቀጭኔ ያየሁት ዛሬ፣ ከእርስዎ እኩል ነው አልኳቸው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳና ዋልያ እንዳለን፣ አጎቴም ቱሪስት ከጭላዳ ጋር በ58 ሚሊ ሜትር ሲያነሣ መኖሩን ነገርኳቸው። «እንዴት ያለ ዙም?» አሉ። ጭላዳው ራሱ ነው የሚጠጋው አልኳቸው።

ማታ ርችት አለ። ስለ ርችት ብዙ አልልም። ትራይፖድ ልዘርጋ ያለ ሰው ቦታም ፈቃድም አያገኝም፤ ትልቅ ትራይፖድ አያስገቡም፣ የሰልፊ ዱላም ከ2015 ጀምሮ ክልክል ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን ቀስሮ ስለሚቆም ርችቱን በረጅም ሌንስ ያየ ሰው በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ነው የሚያየው። እኔ ፊቴን አዙሬ በ35ቷ የልጆቹን ፊት አነሣሁ፤ ርችቱ ጉንጫቸው ላይ በቂ ነው። ርችቱን ራሱን ማየት የሚፈልግ ካለ መጥቶ ይየው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እርስዎ ፎቶዎቹን በስልክ አይተው «አንተ የት ነበርክ?» ብለውኛል። ፎቶ የሚያነሣ አባት በፎቶ ውስጥ እንደሌለ እርስዎ ሊጠይቁኝ አይገባም ነበር፤ የራስዎ የሠርግ ፎቶ እንኳ አንድ ነው። እኔ ያለሁበት ለመንገደኛ ካሜራዬን የሰጠሁበት ነው። ትንሿን ሌንስ የገጠምኩ ጊዜ ሰው ሁሉ በደስታ ተቀብሎ ያነሣናል። ጓደኛዬ ግን ያንን ሌንስ ሲዘረጋላቸው ብጥለውስ ብለው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ይከታሉ። ስለዚህ እሱ በአንድም ፎቶ ላይ የለም፤ ሚስቱም ልጆቹን ብቻዋን የወሰደች መስላ ነው የምትታየው፤ ይህንንም ደጋግማ ትነግረዋለች።

የአክስቴ ልጅ፣ እዚያው ከእርስዎ ጋር የሚሠራው፣ «ትልቁን ሌንስ ላክልኝ» ብሎ ጽፎልኛል። ለሠርግ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ገንዘብ ስንሰበስብ እንነጋገራለን። ልጆቹን ይዞ ለመዝናናት ከሆነ ግን ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት።

ፎቶዎቹን በፍላሽ ዲስክ አድርጌ ደብዳቤውን ለሚያደርስልዎ ሰው ሰጥቻለሁ። ግንቡን አያትሙብኝ፤ ግንብ ደጃችሁ ላይ አለ። መለኪያው ሥር የቆመችበትን በ13 በ18 አትመው ለእናቴ ይስጡልኝ። የጀልባዋንም እንዲሁ። ትንሹ ልጅ የአይጡን ጥቁር ክብ ጆሮ አድርጎ የተነሣውን ሲያዩ «ጆሮው አይታይም» ብለው እንደ ጉርድ ፎቶ እንዳይመልሱት፤ የራሱ ጆሮ ከሥሩ አለ። ሒሳቡን በሚመጣው ወር እልካለሁ፤ የዘመድ ዋጋ ያድርጉልኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ